ባትሪው፣ ጋቢው እና አዳዳ

ሻንጣው የተዘጋው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ለሦስት ሳምንት እረፍት ከአሜሪካ መጥቶ አምቦ የከረመው ወጣት በማግስቱ ማታ ይበራል። ሳሎኑን ያየ ሰው ግን መንገደኛ የሚሸኝበት ሳይሆን ልጅ የሚዳርበት ቤት ነው የሚለው። ጭኮው በፕላስቲክ ዕቃ ተጠቅጥቆ ታሽጓል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ የተነጠረው ቅቤ፣ ጥሬ ቡናው፣ ጉደር ያሉ ዘመዶች የላኩት ማር፣ ሁለት ጋቢ፣ እንዲሁም "እዚያ የሚሸጠው እንደዚህ አይደለም" ተብሎ በመጨረሻ ሰዓት የመጣ አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውኃ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ሻንጣ የማሰናዳቱ ሥልጣን የአባቱ እህት ነው። በቤቱ ሁሉም "አዳዳ" ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። አዳዳ ራሳቸው አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ከዚህ ሳሎን አስነስተው ወደ ቦሌ የሸኙትን ልጅ ለመቁጠር ግን የሁለት እጅ ጣት አይበቃቸውም። ሕጋቸው ሦስት ነው። ከባዱ ከታች። የሚፈሰው በፌስታል ላይ ፌስታል። ውዱና ተሰባሪው መሐል ላይ፣ ጋቢ ውስጥ። በዚህ ሕግ የተሰናዳ ሻንጣ ባሕር ማዶ ሲከፈት አንድ ጠርሙስ እንኳ ተሰብሮ እንደማያውቅ በኩራት ይናገራሉ።

ወጣቱ ለማንም ያልነገረው አንድ ዕቃ ነበረው። የማንጎ ሽታ ያለው፣ ከእስክሪብቶ ወፈር ያለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፤ የዕድሜ እኩዮቹ "ቬፕ" የሚሉት። ሲጋራ ለመተው ብሎ ጀምሮት አሁን ደግሞ እሱን መተው ያቃተው ነገር ነው። በአምቦው ሦስት ሳምንት ያጨሰው ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር፣ ቤተሰቡ ሲተኛ ብቻ ነው። በመጨረሻው ሌሊት በካልሲ ጠቅልሎ ከትከሻ ቦርሳው የጎን ኪስ ከተተው። ለመደበቅ ብሎ ያደረገው ቢሆንም ቦታው ትክክለኛው ቦታ ነበር።

በማግስቱ ሚኒባሱ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምን፣ ሆለታን አልፎ ቦሌ ደረሰ። ሸኚው ሁሉ ውጭ ቀርቶ ወጣቱ ብቻውን ገባ። ሻንጣው ውስጥ ባትሪ ያለበት ዕቃ እንዳለ ተጠየቀ። ሳያመነታ "የለም" አለ። እውነቱንም ነበር፤ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ። ከመፈተሻው ማሽን ወዲያ ያለው ሠራተኛ ግን ስክሪኑን ለአፍታ አየና ሻንጣው እንዲከፈት ጠየቀ። በሰልፈኛው ፊት ቅቤው ወጣ፣ በርበሬው ወጣ፣ ጋቢው ተፈታ። ከጋቢው መሐል በነጭ ክር ሁለት ጊዜ ዞሮ የታሰረ ካልሲ ወጣ። ቋጠሮውን አወቀው። አዳዳ የቅቤውን ዕቃ ክዳን የሚያስሩበት ቋጠሮ ነው።

"ወንድሜ፣ ይሄ ከላይ ነው የሚሄደው" አለው ሠራተኛው። ቁጣ አልነበረበትም። ወጣቱ ተቀብሎ ወደ ትከሻ ቦርሳው መለሰው። ነገሩ በሦስት ደቂቃ አለቀ። እሱን ያስጨነቀው ሌላ ጥያቄ ነበር፦ አዳዳ ካልሲውን ፈተው አይተዋል ማለት ነው። ምን መሰላቸው?

የእሱን ጭንቀት ለጊዜው እዚያው የበረራ መጠበቂያው ወንበር ላይ እንተወው። የአዳዳ ሦስተኛ ሕግ ግን መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ከአምቦ እስከ ባኮ፣ ከጌዶ እስከ ሆለታ ሻንጣ የሚያሰናዳ ቤተሰብ ሁሉ የሚከተለው ሕግ ነው። ለብርጭቆ፣ ለሽቶ፣ ለማር ጠርሙስ የሠራ ሕግ ነው። ለባትሪ ሲሆን ግን ከዚህ የከፋ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ሆነ ስልክ፣ ላፕቶፕም ሆነ ፓወር ባንክ ውስጣቸው ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው። ባትሪው ሲጨፈለቅ፣ ከፋብሪካ እንከን ይዞ ሲመጣ ወይም አዎንታዊና አሉታዊ ጫፎቹ በብረት ሲገናኙ በውስጡ ግለት ይነሳል። ግለቱ ራሱ ሌላ ግለት ይወልዳል፤ አንዱ ሴል ጎረቤቱን ያቀጣጥላል፤ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ መቶዎች ዲግሪ ይወጣል። የሚወጣው ጭስ መርዛማም ተቀጣጣይም ነው። ጋቢ ደግሞ ጥጥ ነው። ሥራውም ሙቀት እንዳይወጣ መያዝ ነው፤ ለዚህ ነው የምንለብሰው። በጋቢው ዙሪያ ያለው ቅቤና በቅቤ የታሸ ጭኮ ነው። ምድጃ አሰናዳ የተባለ ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ አይደረድርም።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከስልክ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የተሠራው ለመጋል ነው። በውስጡ ፈሳሹን ወደ እንፋሎት የሚቀይር ማሞቂያ ሽቦ አለ። አንዳንዱ በቁልፍ ይሠራል፤ በተጨናነቀ ሻንጣ ውስጥ አንድ የማር ጠርሙስ ቁልፉ ላይ ቢያርፍ ማንም ሳያጨሰው ሲግል ያመሻል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ቦስተን ሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ የሆነው ይህን የመሰለ ነው። ከተሳፋሪ ሻንጣ ውስጥ የነበረ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በጭነት ክፍሉ እሳት አስነስቶ ተሳፋሪዎች ከአውሮፕላኑ እንዲወርዱ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ዕቃው ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ እንዳይጓዝ፣ አውሮፕላን ውስጥም ቻርጅ እንዳይደረግ ደነገገ። ቦሌ ላይ "ከላይ ነው የሚሄደው" ያለው ሠራተኛ የተናገረው ይህንኑ ነው።

ባትሪና አውሮፕላን ሲባል ለኢትዮጵያዊ የሩቅ ወሬ መሆን አልነበረበትም። በ2005 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር መጀመሪያ የሁለት የጃፓን አየር መንገዶች ድሪምላይነሮች በባትሪ ምክንያት ችግር ገጥሟቸው የዓለም ድሪምላይነር በሙሉ ከበረራ ታገደ። እገዳው ሲነሳ መንገደኛ ጭኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የእኛው አየር መንገድ ነበር፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ። ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ "ንግሥተ ሳባ" የተባለችው የኢትዮጵያ ድሪምላይነር ለንደን ሂትሮው ቆማ ሳለች ከጅራቷ አቅራቢያ ጭስ ታየ። ሰው አልነበረባትም። የአውሮፕላን ማረፊያው መንደርደሪያዎች ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘጉ።

ሁሉም የገመተው ያ በጃፓኖቹ የተነሳው ትልቁ ባትሪ ነው። አልነበረም። የብሪታንያ የአደጋ ምርመራ ክፍል በ2007 ዓ.ም. ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት መነሻው አውሮፕላን ሲወድቅ ቦታውን የሚጠቁም መሣሪያ እንደሆነ፣ በመሣሪያው የባትሪ ክዳን ሥር ሁለት ሽቦዎች ተደራርበውና ተጨፍልቀው መገናኘታቸውን አስረዳ። የአውሮፕላኑን ጣሪያ ያቃጠለው በሁለት እጅ የሚያዝ መሣሪያ ውስጥ የነበረ ባትሪ ነው። ንግሥተ ሳባ ተጠግና ተመልሳ በርራለች። ያች አውሮፕላን መሬት ላይ ባትሆን፣ ውቅያኖስ ላይ ብትሆን ኖሮ ብሎ ማሰብ ግን ዛሬም ይዘገንናል።

ብዙ መንገደኛ የሚስተው ነገር አለ። ባትሪ ወደ እጅ ሻንጣ ይግባ ሲባል ላይኛው ክፍል ለእሳት የማይመች ስለሆነ አይደለም። ላይኛው ክፍል ሰው ስላለበት ነው። ጭስ ሲነሳ የሚያይ፣ የሚያሸት፣ የሚጮህ፣ ውኃ የሚያፈስ ሰው አለ። የበረራ አስተናጋጆች ለዚህ ሠልጥነዋል፤ ነበልባሉን በማጥፊያ፣ ግለቱን በውኃ። ከታች ባለው የጭነት ክፍል ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ሊያፍን ይችላል፤ በባትሪው ሴል ውስጥ ያለውን ግለት ግን አያስቆምም። ማንም ወርዶ ውኃ አያፈስበትም። ነሐሴ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. ዱባይ ላይ የወደቀው የዩፒኤስ የጭነት አውሮፕላን ብዙ የሊቲየም ባትሪ ጭኖ ነበር፤ እሳቱ ከተነሳ በኋላ ሁለቱ አብራሪዎች ተመልሰው ለማረፍ ቢታገሉም አልሆነላቸውም። ሁለቱም ሞቱ።

ላይ ማድረግ ብቻውንም አይበቃም። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ላይ ወደ ሆንግ ኮንግ ሊነሳ የተሰናዳ አውሮፕላን ከራስ በላይ ካለው የሻንጣ መደርደሪያ በተነሳ እሳት ጣሪያው ጋየ። 176ቱም ሰዎች በሕይወት ወጡ፤ አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ስለነበረ። መርማሪዎቹ ሊሆን ይችላል ያሉት ምክንያት ፓወር ባንክ ነው። ከዚያ ወዲህ አየር መንገዶች ሌላ ነገር መጠየቅ ጀምረዋል፤ ባትሪው መደርደሪያው ላይ ሳይሆን ዓይን በሚያየው፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን እያሉ። ኤምሬትስ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ መንገደኛ አንድ ፓወር ባንክ ብቻ ይዞ እንዲገባ፣ በበረራው ላይም እንዳይጠቀምበት ከልክሏል። ወደ ዱባይና በዱባይ በኩል የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ብዛቱ የታወቀ ነው።

ፓወር ባንክ ከተነሳ፣ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የኖረ ሰው ያለ ፓወር ባንክ አይንቀሳቀስም። ከቬፕ ይልቅ በየሻንጣው የሚገኘው እሱ ነው። የሚፈቀደው መጠን 100 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከ100 እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ ብቻ፣ ከሁለት ሳይበልጥ ይገባል፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። ችግሩ በእኛ ገበያ ዕቃው የሚጠራው በዋት-ሰዓት ሳይሆን "ሃያ ሺህ"፣ "ሠላሳ ሺህ" እየተባለ መሆኑ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ በ3.7 ተባዝቶ ለሺህ ይካፈላል። ሃያ ሺው 74 ይሆናል፤ ያልፋል። ሠላሳ ሺው 111 ይሆናል፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጀርባው ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት በእጅ ሲይዙት እንደ ባዶ ክብሪት የሚቀለውማ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ቁጥር ባትሪውን ሳይሆን ገዢውን የሚመለከት ነው። ሆዱ ያበጠ ፓወር ባንክ ወይም ስልክ ደግሞ አውሮፕላን ቀርቶ የአምቦ ሚኒባስ ላይም መውጣት አልነበረበትም።

ባትሪ ከእጅ ሻንጣ ወደ ትልቁ የሚዘዋወርበት ዋናው ቦታ ሳሎን አይደለም፤ ሚዛኑ ፊት ነው። ቦሌ የሄደ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ሻንጣው ከ23 ኪሎ በልጦ ይገኛል። ባለቤቱ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይከፍተዋል። ከኋላው ሰልፍ አለ፤ ላብ አለ፤ "ቶሎ በል" የሚል ዓይን አለ። በዚያች ቅጽበት ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ የሚጣለው ዕቃ ምን እንደሆነ ማንም አያይም። ጃኬቱ ወጥቶ ይለበሳል፤ የጃኬቱ ኪስ ውስጥ የነበረው ለቦታ ተብሎ ሻንጣው ውስጥ ይወረወራል። ሌላው አጋጣሚ በር ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ሞልቷልና የእጅ ሻንጣው ወደ ታች ይሂድ ሲባል። መንገደኛው በትህትና ያስረክባል፤ ፓወር ባንኩም፣ ቬፑም፣ ላፕቶፑም አብረውት ይወርዳሉ። በዚያ ሰዓት "አንድ ጊዜ፣ ባትሪ ላውጣ" ብሎ ሰልፍ ማስቆም ያሳፍራል። ያም ሆኖ ማስቆም ይሻላል።

ቬፕ ይዞ የሚጓዝ ሰው ሌላም የሚያውቀው ነገር ይኑር። ባትሪው የሚወልቅ ከሆነ ወልቆ በራሱ መያዣ ይግባ፤ መያዣ ከሌለው ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ የተጣለ ባትሪ ሱሪ ሲያቃጥል ታይቷል። የማይወልቅ ከሆነ ይጥፋ፤ ብዙዎቹ ቁልፉ አምስት ጊዜ በፍጥነት ሲጫን ይቆለፋሉ። ፈሳሹ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ይሁን።

ስለ ፈሳሹ መፍሰስ ለአምቦ ሰው ብቻ የሚሆን አንድ ጨዋታ አለ። ብዙ ምክር "አውሮፕላን ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ቬፑ ያፈሳል፤ ባዶ አድርጋችሁ ያዙ" ይላል። ምክሩ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አምቦም ከ2,000 ሜትር ያልፋል። የድሪምላይነር ጓዳ ግን አውሮፕላኑ የፈለገውን ያህል ከፍ ቢል ከ1,800 ሜትር ከፍታ ያልበለጠ አየር እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲነሱ የጓዳው አየር ይበልጥ ይወፍራል እንጂ አይሳሳም። የአምቦ ልጅ ሰማይ ላይ ሆኖ ከሰፈሩ ዝቅ ያለ ቦታ ያለ ያህል ይተነፍሳል ማለት ነው። ቬፑ የሚያፈሰው ሲመለስ ነው፤ ከባሕር ዳር ከተማ ተነስቶ ወደ ደጋው ሲወጣ። ያልገባው ሰው የፕላስቲክ ውኃውን ይይ፤ አዲስ አበባ ላይ ተከድኖ የተቀመጠ ባዶ ላስቲክ ዱባይ ሲደርስ ተጨማዶ ይገኛል፤ ከዱባይ የመጣ የድንች ጥብስ ከረጢት ደግሞ እዚህ ሲደርስ ተነፍቶ ሊፈነዳ ይደርሳል።

አውሮፕላን ውስጥ ማጨሱንማ ማንሳትም አያስፈልግም ነበር፤ "ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው" የሚል ባይኖር። ሐምሌ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ከሆንግ ኮንግ ወደ ዳሊያን ሲበር በነበረ የኤር ቻይና አውሮፕላን ረዳት አብራሪው ቬፕ ሲያጨስ ሽታው ወደ ተሳፋሪዎች እንዳይሄድ ብሎ ማራገቢያ ያጠፋ መስሎት የአየር ማቀዝቀዣውን አጠፋ። የጓዳው አየር ሳሳ፣ የኦክስጅን ጭምብሎች ወረዱ፣ አውሮፕላኑም በፍጥነት ዝቅ ማለት ነበረበት። 153 ተሳፋሪዎች ነበሩበት። የዚያ ሰው ጥፋት ማጨሱ ብቻ ሳይሆን መደበቁም ነው፤ ሽታውን ለመደበቅ ሲል ነው የተሳሳተውን ማብሪያ የነካው።

መደበቅ። ወደ አምቦው ሳሎን የሚመልሰው ይህ ነው።

በኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ለመደበቅ ሁለት ምክንያት አለ፤ አንዱ ሕግ ነው፣ ሁለተኛው ነውር። ሕጉ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ነው፤ የቢራን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ያወረደው፣ ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ያለው ያው አዋጅ። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከሺሻ ጋር አንድ ላይ አስሮ ማምረትን፣ ወደ አገር ማስገባትን፣ ማከፋፈልንና መሸጥን ከልክሏል። አሜሪካ ከነዳጅ ማደያ ገዝቶ የመጣ ልጅ ይህን አያውቅም። "ለአጎትህ ልጅ አንድ አምጣለት" ተብሎ የታዘዘውም አያውቅም። አውሮፕላኑ ይፈቅድለታል፤ የሚያርፍበት አገር ይከለክለዋል። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው ነው ብዙ ሰው የሚጠፋው።

በሌላ አቅጣጫ ለሚሄደውም እንዲሁ ነው። ለሕክምና ባንኮክ የሚሄድ፣ አስታማሚ ሆኖ የሚከተል ሰው ታይላንድ ቬፕ ማስገባትን በእስራት ጭምር እንደምትቀጣ ይወቅ። ሲንጋፖር ይዞ መገኘትንም ትቀጣለች። ሕንድ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አገደችው። ዱባይ ግን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መደብር ተከፍቶለት ይሸጣል። ቦሌ ላይ አልፎ የሄደ ዕቃ መድረሻው ላይ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ፈታሹ ደግሞ የሚመልሰው የአውሮፕላኑን ጥያቄ እንጂ የመድረሻውን አይደለም።

እገዳው ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። ወጣቶች ከማንጎ ሽታ ተነስተው ኒኮቲን ባሪያ እንዳያደርጋቸው የሚል ሕግ ለመረዳት አይከብድም። ነገር ግን የታገደ ዕቃ የጠፋ ዕቃ አይደለም። ስለታገደ ብቻ ማንም በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ "ከያዛችሁ እንዲህ አድርጋችሁ ያዙ" የማይለው ዕቃ ነው የሚሆነው። ያም ሆኖ ሙቀቱን ሕግ አያቆመውም። ትኬት ሲቆረጥ ለመንገደኛ መጀመሪያ የሚነገረው ኪሎ ነው፤ ስንት ኪሎ፣ ስንት ሻንጣ፣ ትርፉ ስንት ብር። ባትሪ የሚለው ቃል የሚመጣው፣ ከመጣ፣ ትኬቱ ጀርባ በትናንሽ ፊደል ወይም ቦሌ ላይ በተለጠፈ ሥዕል ነው። ቦሌ ላይ ደግሞ ሻንጣው ታስሯል፤ ሻንጣውን ያሰናዳችው ሴት ውጭ ቀርታለች። ምክሩ መድረስ የነበረበት ለእሷ ነው። ሥዕሉ ያለው እሷ በማትገባበት በር ውስጥ ነው።

ነውሩ ደግሞ ከሕጉ ይከፋል። ከአምቦ ቤተሰብ ውስጥ ለአባቱ ወይም ለአክስቱ "አጨሳለሁ" የሚል ልጅ የለም ማለት ይቻላል፤ ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ዶላር እየላከ፣ የቤቱን ጣሪያ አሠርቶ እንኳ አይልም። እንዳይታይ ይጠቀልለዋል። የተጠቀለለ ነገር ደግሞ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ለመጣል ያሳሳል፤ ለመጣል የሚያሳሳ ነገር ውድ ነው፤ ውድ ነገር መሐል ላይ፣ ጋቢ ውስጥ ይገባል። አዳዳ ያጠፉት የለም። ካልሲው ውስጥ ባትሪ እንዳለ ቢነገራቸው ኖሮ፣ በአንድ ቃል፣ የያዘው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ እንኳ፣ ለሚቀጥለው ልጅ ሕጋቸውን አራት ያደርጉት ነበር።

ወጣቱ ማረፊያው ደርሶ ስልኩን ሲከፍት አምቦ መሽቷል። ደወለ። አዳዳ ስልኩን የሚይዙት ከአፋቸው ርቆ ስለሆነ ይጮኻሉ። ጭኮው ደህና እንደሆነ ጠየቁ። ደህና ነው አላቸው። ጠርሙሱ? አልተሰበረም። ቅቤው አልፈሰሰም? ጠብ አላለም። ትንሽ ዝም አሉ።

"ያቺስ ሽቶህ?" አሉት። "ቦርሳህ ጎን ተወሽቃ አገኘኋት። በካልሲ ነው እንዴ ሽቶ የሚያዝ? ልትሰበር ነው ብዬ ጋቢው ውስጥ አድርጌልህ ነበር። የማንጎ ሽታዋ ደስ ትላለች። ደረሰች?"

"ደረሰች፣ አዳዳ" አላቸው።

"ስትመጣ አንድ ለእኔ ታመጣለህ" አሉና ስልኩን ለአባቱ ሰጡት።